ጠያቂ ሁሉ ይውጣልኝ

1.

«ዘርትሁን፣ አንቺ እኮ መቼም ፈሪ ነሽ።»

ይህን ያለው የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊው ዶክተር አምባቸው ዘለቀ ነው። ያለውም በሞርኒንግ ላይ ነው፤ የአዳር ተረኞች የሠሩትን ቆመው በሚናዘዙበት፣ ሲኒየሮቹ ደግሞ ከፊት ወንበር እግራቸውን አነባብረው በሚፈርዱበት የጠዋት ስብሰባ። ሬዚደንቶቹ፣ ለስፔሻሊስትነት የሚሠለጥኑት ወጣት ሐኪሞች፣ ሳቁ። ኃላፊ ሲቀልድ የማይስቅ ሬዚደንት ገና አልተወለደም።

ዶክተር ዘርትሁን አልሳቀችም። ቆማ ነበር፣ ቆማ ቀረች።

«ታካሚው ድኗል» አለች።

«ከረጢት አንጠልጥሎ» አለ አምባቸው። እንደገና ተሳቀ።

2.

ሐኪም ላልሆናችሁ ነገሩን ላስረዳ። ትልቁ አንጀት አንዳንዴ እንደ ውሃ ጎማ ይጠማዘዛል። ሆድ ይነፋል፣ ሰውየው ይጮኻል፣ ይከፈታል፣ የተጠማዘዘው ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አለ።

ሁለቱን ጫፎች እዚያው መስፋት። ከያዘ፣ ሰውየው እንደ ድሮው ይኖራል። ስፌቱ ከለቀቀ ግን ሆድ ውስጥ የሚፈሰው ነገር ይገድላል።

ወይም ጫፉን በሆድ ቆዳ በኩል አውጥቶ ከረጢት መለጠፍና ከወራት በኋላ ተመልሶ መግጠም። ይህ እምብዛም አይገድልም። ግን ሰውየው እስከዚያ ድረስ ሠርግ አይሄድም፣ ለቅሶ አይቀመጥም፣ ሚስቱ አጠገብ መተኛት ያፍራል።

የቱ ይሻላል? መጽሐፉ «እንደ ሁኔታው» ይላል። ሁኔታውን የሚያየው ሰው ማን እንደሆነ ግን መጽሐፉ አልጠየቀም። አምባቸው ሲያይ የሚሰፋ አንጀት ያያል። ዘርትሁን ስታይ ሊለቅ የሚችል ስፌት ታያለች። ከተማው ሁሉ አምባቸውን «እጁ ወርቅ ነው» ይለዋል፤ ስፌታቸው የለቀቀባቸው ሰዎች ምን እንደሚሉ አይታወቅም፣ አብዛኞቹ መናገር አይችሉም።

3.

በዚያ ሰሞን ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ተመራማሪ መጥታ ለቀዶ ሐኪሞቹ መጠይቅ በትና ነበር። የጥናቷ ርዕስ የቀዶ ሐኪሞች ጠባይ በሕክምና ውሳኔያቸው ላይ ስለሚያሳድረው ተጽዕኖ ነው።

*አደጋ ያለበት ሥራ ያስደስተኛል።*
አምባቸው፦ በጣም እስማማለሁ።
ዘርትሁን፦ አልስማማም።

*ከወሰንኩ በኋላ ይጸጽተኛል።*
አምባቸው፦ በጣም አልስማማም።
ዘርትሁን፦ «ስለ የትኛው ታካሚ?» ብላ በጎን ጻፈች። መጠይቅ ላይ ጥያቄ አይጻፍም፤ እሷ ጻፈች።

*ባልደረቦቼ ስለ እኔ የሚሉት ነገር ውሳኔዬን ይለውጠዋል።*
አምባቸው፦ ዘለለው።
ዘርትሁን፦

ይህቺኛዋ ጥያቄ ቤቷ ድረስ ተከትላት ሄደች። እራት ስትበላ አጠገቧ ተቀመጠች። ፈሪ መባልን እየጠላች ለምዳው ነበር፤ የለመዱት ስም ደግሞ ሳያውቁት እጅ ውስጥ ይገባል። በሞርኒንግ ለተሳቀበት ለዚያ ገበሬ ከረጢት ያወጣችለት አንጀቱ ሞቶ ስለጠቆረ ነው ወይስ ዘርትሁን ስለሆነች?

አንጀቱ ጠቁሮ ነበር። እርግጠኛ ነች።

እርግጠኛ ነች።

4.

ታሪኩን በቁጥር የቆራረጥኩት ስንፍና ይዞኝ እንዳይመስላችሁ። አንድ ወጥ አድርጌ ስጽፈው ሁሉም ሰው ትክክል መሰለብኝ። ስቆራርጠው ግን ማን የት ላይ እንደተሳሳተ ይታያል። ቢላ ለሐኪም ብቻ የተፈቀደ አይደለም።

ደግሞም ዶክተር አምባቸውን «አንተ» እያልኩ ነው የማወራው። ከፈለገ ይክሰሰኝ። አንቱታዬን ለታላቅ ወንድሙ አስቀምጬዋለሁ፤ አሁን ይመጣሉ።

5.

አቶ መንገሻ ዘለቀ በቃሬዛ መጡ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ፣ የፖሊሱ አዛዥ፣ የሆስፒታሉ ግማሽ ሠራተኛ በእሳቸው ሰልፍ ላይ ቆሞ ያደገ ነው። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ሕመሙ ፊታቸውን አመድ አስመስሎት፣ ክራቫታቸውን ግን አላወለቁም። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ አምባቸውን ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ የገረፉትም እሳቸው ናቸው።

አንጀታቸው ተጠማዝዟል። መከፈት አለባቸው። ሐኪም ደግሞ የገዛ ወንድሙን አይከፍትም።

አምባቸው ራሱ ያሠለጠናቸው፣ እንደሱ ደፋር የሆኑ ሁለት ባልደረቦች ነበሩት። ሁለቱም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበሩ። ሁለቱንም አልጠራም።

«ዘርትሁንን ጥሩልኝ» አለ።

6.

ኮሪደር ላይ ጥግ አስይዞ አነጋገራት። እንዳትሰፊው አላት። ከረጢት አውጪላቸው፣ ቆይቶ ይገጠማል፣ እዚህ ላይ ድፍረት አያስፈልግም አላት። ወንድሜ ነው አለ፤ ሲለው ድምፁ ተሰበረ።

ልቧ መራራት ነበረበት። ትንሽም ራራ። ግን ከራራው የበለጠ ተቃጠለ። ያን ሁሉ ዓመት «ስፉት፣ አትፍሩ» እየተባለ የተሰፋው የማን ወንድም ነበር?

«ሳየው እወስናለሁ ዶክተር» አለች።

7.

ረፋዱ ላይ ከፈተቻቸው።

አንጀቱ ተጠማዝዟል እንጂ አልሞተም። ስትፈታው ቀላ። የታመመውን ክፍል ቆርጣ ስታወጣ ጫፎቹ ጥሩ ደም ደሙ። የልብ ምታቸው ደህና፣ የደም ግፊታቸው ደህና፣ ሆዳቸው ውስጥ የፈሰሰ ነገር የለም። ለመስፋት እሷ ራሷ የምትጠይቀው ነገር ሁሉ ተሟልቷል።

እጇ ግን ቆመ። ብትሰፋውና ቢለቅ፣ የኃላፊውን ወንድም የኃላፊውን ቃል ጥሳ ገደለች ማለት ነው። ከረጢት ብታወጣ ማንም አይጠይቃትም፤ አምባቸው ያመሰግናታል፣ ሬዚደንቶቹም «ዘርትሁን መቼም ዘርትሁን ናት» ብለው ያልፉታል። ከሁለቱ የከፋው ሐሳብ ደግሞ ሦስተኛው ነበር፦ ልስፋው ያሰኘኝ አንጀቱ ነው ወይስ እልሁ? አትስፊ ስለተባልኩ ነው?

ሲስተር አስካለ መሣሪያ ይዛ ትጠብቃለች። ዘርትሁን የአቶ መንገሻን ፊት ከጨርቁ ጀርባ በሐሳቧ ሸፈነችው። ክራቫቱን አወለቀችለት። ወንድሙን አስወጣች። ከሩቅ ገጠር በአምቡላንስ የመጣ፣ ዘመድ የሌለው ሰው አደረገችው። ይህን ሰው ምን ታደርገው ነበር?

ሰፋችው።

8.

አምባቸው ሲሰማ ቀለሙ ተለወጠ። እየጮኸ አልተናገረም፤ ሲናደድ ድምፁ ይቀጥናል።

«ከለቀቀ የምጠይቀው አንቺን ነው።»

«ከያዘስ?» አለች።

ፊቱን አዙሮ ወደ ወንድሙ ክፍል ሄደ።

9.

አሁን የሚመጣውን ጉዳይ ለመጻፍ ትንሽ ተሽኮርምሜአለሁ። እናንተም ጨዋ ሰዎች ናችሁ። ግን ሌላ መንገድ የለውም።

የተሰፋ አንጀት መያዙ የሚታወቀው በራጅ አይደለም፣ በደም ምርመራም አይደለም። አንጀቱ ከእንቅልፉ ሲነቃ አየር ያስወጣል። ዶክተሮቹ፣ ነርሶቹ፣ ያ ሁሉ የተማረ ሰው፣ ጠዋትና ማታ አልጋው አጠገብ ቆሞ የሚጠብቀው እሱን ነው። የወጣ ዕለት ራውንዱ ላይ፣ ሐኪሞቹ አልጋ ለአልጋ ሲዞሩ፣ ፈገግታ ይሆናል፣ በአፍንጫ የገባው ቱቦ ይነቀላል፣ ሾርባ ይታዘዛል።

ካልወጣና ሆድ ከተነፋ ግን አንጀቱ ገና ተኝቷል፣ ወይም ስፌቱ ለቋል። ተኝቶ ከሆነ ይጠበቃል። ለቆ ከሆነ በቶሎ ይከፈታል። ሳይለቅ መክፈት ደካማ ሰው ሊገድል ይችላል። ለቆ እያለ መጠበቅም እንዲሁ።

10.

የታመመ ዳይሬክተር እንዴት ይጠየቃል?

ብርቱካን ይዘህ ሂድ፤ እንደማይበሉ ብታውቅም ያዝ። ብቻህን አትሂድ። በሩ ላይ ጫማህን ጠረግ ጠረግ አድርግ። ሲያዩህ ቀጥ ብለህ ቁም፤ እጅህ ወደ ኋላ። «ተቀመጥ» እስኪሉህ አትቀመጥ። ቢሉህም ወንበር የለም፣ ቀድመውህ በመጡት ተይዟል።

የትኛው ዓመት ላይ እንዳስተማሩህ ንገራቸው። «ተሻለዎት?» በል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉሃል። ዝም በል። ደግመህ «ተሻለዎት?» በል። የአንተ ተራ ሲያልቅ አትውጣ። ይህ ነውር ነው። ሌላ ጠያቂ እስኪመጣ ቆይ፤ ሲመጣም ቆይ። ጎረቤትህን ይዘህ ነገም ተመለስ።

ታናሽ ወንድማቸው ከሆንክ ደግሞ ከአልጋው ራስጌ አትነሳ። እዚያው ብላ፣ እዚያው አንቀላፋ። እንደሚወዱህ፣ እንደምትወዳቸውም ሰው ሁሉ ይይ።

11.

የራውንድ ላይ ንግግር፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሦስተኛው ቀን። በክፍሉ ውስጥ፦ አቶ መንገሻ ለጠያቂ ሲሉ ክራቫታቸውን መልሰው አስረው፣ ሐኪሞች፣ ሲስተር አስካለ፣ አምባቸው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጠያቂ።

ዘርትሁን፦ ጋሼ መንገሻ፣ እንዴት አደሩ?
አቶ መንገሻ፦ እግዚአብሔር ይመስገን።
ዘርትሁን፦ ሕመሙስ?
አቶ መንገሻ፦ እግዚአብሔር ይመስገን።
ዘርትሁን፦ አየር ወጣልዎት?
አቶ መንገሻ፦
አምባቸው፦ ጋሼ፣ ዶክተሯ እየጠየቀችዎት ነው።
አቶ መንገሻ፦ (የባንኩን ሥራ አስኪያጅ አይተው) እግዚአብሔር ይመስገን።
ሬዚደንት፦ ወጣ ብዬ ልጻፍ?
ዘርትሁን፦ አትጻፍ።

12.

በማግስቱ ሆዳቸው ይበልጥ ተነፋ።

አምባቸው ስፌቱ ለቋል አለ። ዘርትሁን ትኩሳት የላቸውም አለች። አረጋዊ ሰው ትኩሳት ላያሳይ ይችላል አለ። የልብ ምታቸው አልፈጠነም አለች። ሊፈጥን ነው አለ። ሆዳቸውን ስነካው አይደነግጡም አለች። ጋሼ ቢቃጠሉም አይደነግጡም፣ አታውቂያቸውም አለ። ይህኛው እውነቱን ነበር።

አንድ ሆድ ነው። ሁለቱም በእጃቸው ነክተውታል። አንዱ የሚከፈት ሆድ ዳሰሰ፣ አንዷ የሚጠበቅ ሆድ ዳሰሰች። አምባቸው እስኪሠራ፣ እስኪቆርጥ፣ አንድ ነገር እስኪያደርግ ድረስ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ነው፤ ይህ ድፍረት ይባልለታል። ዘርትሁን ስትጠብቅ ደግሞ ፍርሃት ይባልባታል። አራት ቀን ሙሉ ከአልጋ ራስጌ ያልተነሳውን ሰው ፈሪ ያለው ግን አልነበረም።

እሷም ራሷን አልማረችም። የራሴን ስፌት ለቆ ላለማየት እየሸሸሁ ይሆን? ብላ ጠየቀች። ሊሆን ይችላል። ይህንን ካመነች በኋላ ትንሽ ቀለላት፤ ጠባይዋን ከአልጋው አጠገብ አቁማ አቶ መንገሻን ብቻዋን ማየት ቻለች።

አምባቸው ከሰዓት በኋላ እንዲከፈቱ አዘዘ። ከእነዚያ ከሁለቱ ደፋሮች አንዱ ይከፍታቸዋል።

13.

በጠያቂ ሰዓት ገባች። ማንም ልብ አላላትም።

የፖሊሱ አዛዥ ሊሰናበት ቆሟል። አቶ መንገሻ ቀና ብለው ሊመርቁት አሰቡና መሐል ላይ ቆሙ። እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨበጠ። ከንፈራቸው ተጣበቀ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ዓይናቸው ወደ አምባቸው፣ ከዚያ ወደ አዛዡ፣ ከዚያ ወደ በሩ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ እጃቸው ለቀቀ፣ ፊታቸው ተመለሰ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

ዘርትሁን ይህን ፊት ታውቀዋለች። እሷም ተማሪ ነበረች። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «ልውጣ» ማለት ያፈረ ልጅ ፊት ነው።

14.

«ጠያቂ ሁሉ ይውጣልኝ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዲት ሴት ብርቱካኗን ከጭኗ ወደ ደረቷ አስጠጋች። ሰዎቹ ወደ አምባቸው ተመለከቱ፤ እሱ ከፈቀደ ሊወጡ።

«እርስዎም ዶክተር» አለች።

«ወንድሜ ነው።»

«የሚወጡት ለዚህ ነው።»

አምባቸው ሲከፈቱ አጠገባቸው ሊቆም የኦፕራሲዮን ልብሱን ለብሶ ነበር። በቀጭኑ ድምፁ፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ እየተዘጋጀ እንደሆነ፣ ከተሳሳተች ደግሞ በዚህ ሆስፒታል ሁለተኛ ቢላ እንደማትይዝ ነገራት። ሰው ሁሉ እየሰማ ነገራት። ዘርትሁን በሩን ከፍታ ያዘች።

የፖሊሱ አዛዥ መጀመሪያ ወጣ። አምባቸው መጨረሻ።

15.

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጋሼ መንገሻ፣ ይዘውታል አይደል?»

ጣራውን ያያሉ።

«ሰው ፊት» አሉ በመጨረሻ። «ያስተማርኳቸው ልጆች ፊት። ያ ልጅ ደግሞ ካጠገቤ አይነሳ። አባታችን ከሞቱ ጀምሮ እሱ ፊት አልቅሼ አላውቅም። ይህን እንዴት ላድርገው?»

ሆዳቸውን እንደገና ሊከፍቱ እየተዘጋጁ መሆኑን ነገረቻቸው።

«በዚህ ምክንያት?»

«በዚህ ምክንያት።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የቱ እንደሚሻል እያመዛዘኑ ነበር።

«ለማንም አትናገሪም?»

«አልናገርም።»

«ለአምባቸውም?»

«ለእሳቸውም።»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን።»

«እንግዲያው ልጄ፣ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙሪልኝ።»

አዞረች።

16.

 

 

 

17.

ከላይ ያለው ባዶ ቦታ የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። የሰሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዷ ምላለች። እኔ እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቁኝ።

ዘርትሁን ሆዳቸውን ዳሰሰች። ለስልሷል። አቶ መንገሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ በሁለቱም ጠርዝ እንባ ወረደ። እሷም አለቀሰች፣ ሳቅም ያዛት፣ ሁለቱንም በእጅጌዋ ጠረገች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አንጀቷ ርሶ አያውቅም።

18.

ኮሪደሩ ሞልቷል። ጠያቂው አልሄደም፤ ነውር ነዋ።

«አይከፈቱም» አለች።

«ወጣ?» አለ አምባቸው።

«አይከፈቱም ነው የምልዎት።»

«ወጣ ወይ ነው የምልሽ።»

አንድ ቃል ነበር። ሬዚደንቶቹ ቆመዋል፣ ሲስተር አስካለ ቆማለች፣ ደፋሩ ባልደረባ ታጥቦ እጁን ወደ ላይ ይዞ ቆሟል። ያቺን አንድ ቃል ብትናገር ነገ በሞርኒንግ ማንም አይስቅባትም፣ ቢላዋም በእጇ ይቀራል። በዚህ በኩል ደግሞ ባንከኛው አለ፣ አዛዡ አለ፣ አምባቸው አለ፣ ማርያም አለች።

«እኔና ታካሚዬ የተነጋገርነው የእኔና የታካሚዬ ነው» አለች።

አምባቸው ወደ ሕዝቡ ዞረ። የገዛ ስሕተቷን ላለማየት ነው አለ። ሲጀመርም ጠባይዋ ነው አለ። ሰውም አንገቱን ነቀነቀ፤ ጠባይዋ ነው።

ዘርትሁን የአቶ መንገሻን የሕክምና መዝገብ፣ ቻርታቸውን፣ ከሬዚደንቱ እጅ ወሰደች። ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጻፈች፣ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች፣ ፈረመች። ከዚያም ቻርቱን ከነብዕሩ ለአምባቸው ዘረጋችለት።

«ወንድምዎን ከእኔ ይበልጥ ያውቋቸዋል» አለች። «የጎደለውን እርስዎ ይሙሉት።»

አምባቸው ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ከትከሻዋ በላይ በበሩ መስታወት ታላቅ ወንድሙን አየ። አቶ መንገሻ ተቀምጠዋል። ብቻቸውን ናቸው። ክራቫታቸውን እያላሉ ነው።

አፉን ዘጋ። ብዕሩን ተቀበለ፤ የጻፈችውን አነበበ።

*ውሳኔ፦ አይከፈቱም።*

*የወሰነው ሐኪም፦ ዶ/ር ዘርትሁን አያሌው*

*ምክንያት፦*